የሄዘልዲን ጉልትና የአማቴ መሐላ

አማቴን ኦስጊትን የመንደራችን የሄዘልዲን ሰው "በምላሷ መሬታችንን ያስወሰደች" ይላቸዋል። ከሞቱ በኋላም ስማቸው ይኸው ነው። እኔ ዱና ግን ከሙሽርነቴ ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ከሳቸው ጋር አንድ ምድጃ ሞቄያለሁ፣ ከጎናቸው ተቀምጬ በግ አልቤያለሁ። የሆነውን እንደሆነው ልናገር።

ኦስጊት የአራሹ የቱኒ ልጅ ናቸው። እናታቸው ታናሽ ወንድማቸውን ሄማን ጡት ሳታስጥል ስለሞተች፣ ልጁን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ፤ ራሳቸው ገና መታዘል ሳይጠግቡ። መንደሩ በዚያን ጊዜ የንጉሥ ነበር። አሮጌው ንጉሥ በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ ለአደን ይመጣሉ፤ ሰዉ ማር፣ የገብስ ጠላና የሰባ አሳማ ያቀርባል፤ ንጉሡም ያድናሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ ያለፈ መተዋወቅ አልነበረም።

አንድ ዓመት ግን ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ኦስሪክ ይባላል፤ ገና ጢም ያልነካው ልጅ ነው። ዝናቡ ሰንብቶ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ልጁ ከሁሉ ቀድሜ ካልተሻገርኩ ብሎ ፈረሱን ውኃው ውስጥ ሲያስገባ፣ ፈረሱን አዳለጠውና ተያይዘው ሄዱ። ቱኒ ወንዙ ዳር አጥር ሲጠግኑ ነበርና መጥረቢያቸውን ጥለው ዘለው ገቡ። ልጁን ከታች፣ ከአኻያ ዛፍ ሥር ተሰንቅሮ አገኙት። ሲያወጡት ትንፋሽ ነበረው። መነኮሳቱ መድኃኒት ያውቃሉ ብለው እንደታቀፉት እስከ ኦልድሚር ገዳም ሮጡ። ልጁ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ እዚያው እጃቸው ላይ አለፈ።

ንጉሡ ደርሰው ሲያዩ ከፈረሳቸው ወርደው እንደ ማንም አባት መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጁን እዚያው ገዳሙ ውስጥ አስቀበሩት። ለነፍሱ በየቀኑ እንዲጸለይ፣ መቃብሩም ሻማ እንዳይለየው ብለው ሄዘልዲንን፣ እርሻውንም መስኩንም ጫካውንም፣ ለገዳሙ ጉልት ሰጡ።

እንዲህ ያለ ስጦታ በቃል ብቻ አይጸናም። መሬቱ ራሱ መሠዊያ ላይ መውጣት አለበት። ቱኒ ልጁን ካወጡበት ዳርቻ ሣር ከነአፈሩ ቆርጠው እንዲያመጡ ታዘዙ። እጃቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ መንቀጥቀጥ አልተወውም፤ አፈሩን በሽርጣቸው ይዘው ቤተ ክርስቲያን የገቡት ትንሿ ኦስጊት ነበሩ።

"እኔ ንጉሡን አልፈራሁም ዱና" ይሉኝ ነበር ሲያወሩኝ። "የፈራሁት የመሠዊያው ነጭ ልብስ በጭቃ እንዳይበላሽ ነው። ንጉሡ ጎንበስ ብለው አፈሩን ከሽርጤ ሲያነሡ እጃቸው ጭቃ በጭቃ ሆነ። አልጠረጉትም። በዚያው እጃቸው ፊታቸውን ያዙና አለቀሱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ጉንጫቸው ላይ ጭቃው ነበረ፤ ደፍሮ የነገራቸው ሰው አልነበረም።"

ከአፈሩ ጎን የስጦታው ብራና ተቀመጠ። ጳጳሱ ድንበሩን እየጠሩ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ ይህን መሬት ከእመቤታችን ቤት የሚነጥቅ ዕጣው ከይሁዳ ጋር ይሁን ብለው ገዘቱ። የቆሙት ሁሉ አሜን አሉ።

ከዚያ ንጉሡ ቱኒን አስጠርተው "ምን ላድርግልህ?" አሏቸው። ቱኒ ምን እንደሚጠየቅ የማያውቁ ሰው ነበሩ። እናት የሌለውን ልጄን እዚሁ ገዳሙ ውስጥ ያሳድጉልኝ አሉ። ሄማ የዚያኑ ዕለት ለገዳሙ ተሰጠ። የእህቱን ቀሚስ ጨምድዶ ይዞ አልለቅም ሲል፣ ጣቶቹን አንድ ባንድ ፈልቅቀው የወሰዱት መነኩሴ ማር ሊያቀምሱት እየሞከሩ ነበር ይሉኛል አማቴ። ኦስጊት ባዶ ሽርጣቸውን ይዘው ከአባታቸው ጋር ወደ ቤት ተመለሱ።

እንግዲህ ኑሮ ኑሮ ነው። ኦስጊት አድገው አራሽ አገቡ፤ ወለዱ፤ ቀበሩ። ባላቸውን ንዳድ ወሰደባቸው። ከልጆቻቸው የተረፈው አንዱ ቱዳ ነው፤ የኔ ባል። ገዳሙ ክፉ ጌታ አልነበረም። የሚታረስለት ቀን ይታወቃል፤ የሚገባለት አይብና ሱፍ ይታወቃል፤ የቀረው የራስ ነው። በየዓመቱ ለቅዱስ ሚካኤል አማቴ አይባቸውን በቅርጫት አዝለው ኦልድሚር ይወርዳሉ። ወንድማቸውን የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ሄማ መንኩሰው አባ ሄማ ተብለው ነበር፤ የገዳሙም ጸሐፊ ሆኑ። ቀጭን፣ ትከሻቸው ጠበብ ያለ፣ ሁልጊዜ ጣታቸው ቀለም የነካው ሰው ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ መነኩሴና አራሽ መሆናቸው ይረሳቸዋል።

"ዘንድሮ አይብሽ ቀጥኗል" ይላሉ አባ ሄማ።

"አንተ ነህ የቀጠንከው። አይብ ማማት ከምትለምድ ብላበት።"

"ጾም ነው እኮ ኦስጊት።"

"ጾም ከሆነ አይቡ መቅጠኑን በምን አወቅከው? በጸሎት ተገለጠልህ?"

አንድ ጊዜ እኔም አብሬ ወርጄ ሳለሁ አባ ሄማ በተረፈ ብራና ቁራጭ ላይ ስማቸውን ጽፈው አሳዩዋቸው። "ይኸውልሽ፤ ይሄ አንቺ ነሽ" አሏቸው። አማቴ አገላብጠው አዩትና "ይቺን ታህል ነኝ?" አሉ። አባ ሄማ እስኪያስላቸው ሳቁ። ወንድምና እህቱ እንዲያ ሲስቁ ሌላ ጊዜ ያየሁ አይመስለኝም።

በደረቁ በጋ ገዳሙን መብረቅ መታው። ጣራው ሣር ነበርና እሳቱ እኛ መንደር ድረስ ይታይ ነበር። በማግስቱ አባ ሄማ ቅንድባቸው ተቃጥሎ፣ ቀሚሳቸው አመድ ለብሶ፣ እየተጎተቱ ቤታችን መጡ። ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን በእህታቸው ጭን ላይ ደፉ። እኔ ውኃ ይዤ ቆሜ ነበርና የተናገሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

"ወንጌሉን አወጣሁ" አሉ። "የብራናዎቹን ሣጥን ለማውጣት ስመለስ ጣራው ወረደ። የሄዘልዲን ብራና ሄደ ኦስጊት። የሁሉም ሄደ።"

"ከወንጌል በፊት ሌላ ምን ልታወጣ ኖሯል? ዝም በል። ጠጣ።"

"ሣጥኑ ለበሩ ይቀርብ ነበር። ሁለቱንም አወጣ ነበር።"

"ጠጣ አልኩህ።"

የገዳሙ አበምኔት አባ ቤርንዋልድ ደህና ሰው ነበሩ፤ ጭንቀት ግን አይችሉም። ለአዲሱ ንጉሥ መልእክተኛ ልከው፣ አባትዎ የሰጡን ጉልት ብራናው ተቃጥሎብናልና ይታደስልን ብለው ለመኑ። ንጉሡ በሰሜን ጦርነት ላይ ነበሩ። እሺ፣ ስመለስ አሉ። መልእክተኛው ተመለሰ፣ ደግሞ ተላከ፣ ደግሞ እሺ ተባለ። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ስጦታውን በዓይናቸው ያዩት ትልልቅ ሰዎችም በየተራ አለቁ፤ ጳጳሱም፣ ቱኒም፣ ከንጉሡ ጋር የመጡት ባላባቶችም።

ይህን ጊዜ ነው ዊግሃርድ የመጣብን። ዊግሃርድ ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ባላባት ነው፤ ወጣት፣ ቀይ ጢም፣ ሲናገር የማይጮህ ሰው። "አያቴ የአሮጌው ንጉሥ የአጎት ልጅ ነበረች፤ ሄዘልዲን ለሷ ቃል የተገባላት ርስት ነው፤ ለገዳሙ የተሰጠው ለተዝካሩ ጊዜ ብቻ በውሰት ነው" አለ። ውሰት ካልሆነማ ብራናውን አምጡ አለ። ብራናው እንደተቃጠለ ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያውቃል።

ሸንጎ ሊቀመጥ ባለበት ሰሞን አባ ሄማ መጡ። በሥራ ቀን ያለ በዓል መምጣታቸው ገረመን። አማቴ በግ ያልቡ ነበር፤ አልተነሡም፤ እሳቸውም አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ለምስክርነት ትጠሪያለሽ" አሏቸው። "አፈሩን የያዝሽው አንቺ ነሽ። በሕይወት ያለ ሌላ ሰው የለም።"

"ይጥሩኛ። ያየሁትን እናገራለሁ።"

"ብራናም ይቀርባል።"

አማቴ ማለባቸውን አቆሙ። "የቱ ብራና?"

አባ ሄማ ቀለም የነካ ጣታቸውን አሹ። "እኔ ጻፍኩት። እንደነበረው ነው የጻፍኩት ኦስጊት። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው። ድንበሩ ያው ነው፤ ግዝቱ ያው ነው፤ የንጉሡ ቃል ያው ነው። ፊደሉንም እንደ ድሮው ጸሐፊ አጣጣል ጣልኩት።"

"ታዲያ አሮጌው ተቃጥሎ አዲስ ጻፍን በሏቸው።"

"እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። አበምኔቱ አዲስ ብራና ማን ያምናል አሉ። አሮጌው ነው እንበል አሉ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"ትእዛዝ ነው። ምን እላለሁ? ደግሞስ አንድም የተጨመረ ነገር የለበትም። ሣጥኑን ያላወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትን እየመለስኩ ነው የመሰለኝ።"

በጓ ተራግጣ ወተቱን ደፋችው። አማቴ አላዩትም። "ሄማ፣ ስለ ብራናው ቢጠይቁኝስ?"

"አይጠይቁሽም። ማንበብ የማትችል ሴት ስለ ብራና ማን ይጠይቃል? አፈሩን አየሁ፣ ንጉሡን አየሁ፣ በይ። እሱ ይበቃል።"

ሲሄዱ እህታቸው እስከ አጥሩ ሸኟቸው። ሌላ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። አማቴ ተመልሰው ሲመጡ የተደፋውን ወተት አይተው "ይቺ በግ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?" አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

ሸንጎው የተቀመጠው እንደ ወትሮው በኮረብታው ላይ፣ በታላቁ ዛፍ ሥር ነው። የአውራጃው ገዥ በወንበር፣ ባላባቶቹ በግንድ ላይ፣ እኛ ተራው ሰው ቁመን። ከሄዘልዲን ያልመጣ የለም፤ ሕፃን ያዘለችም መጥታ ነበር። እኔም እርጉዝ ነበርኩና ቱዳ ከገዳሙ ጋሪ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። በመጀመሪያ አበምኔቱና መነኮሳቱ እጃቸውን በቅዱሳን አፅም ላይ ጭነው፣ ይህ ብራና አሮጌው ንጉሥ በመሠዊያ ላይ ያኖሩት ነው ብለው ማሉ። አባ ሄማ መጨረሻ ላይ ማሉ። ድምፃቸው አልተሰማም።

ቀጥሎ አማቴ ተጠሩ። እጃቸውን አፅሙ ላይ ጭነው አፈሩን፣ ንጉሡን፣ የጳጳሱን ግዝት፣ ሁሉንም ተናገሩ። እንዴት አድርገው እንደተናገሩት! የጉንጩን ጭቃ ሳይቀር። የአውራጃው ገዥ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ አሮጌውን ንጉሥ በወጣትነታቸው አገልግለዋል። ፊታቸው ሲለሰልስ ሁላችንም አየን። ቱዳ ክንዴን ጨበጥ አደረገና "አለቀ፣ ረታን" አለኝ።

ገዥው ለማጠቃለል ያህል፣ ክፋትም ሳያስቡ፣ ብራናውን ከፍ አድርገው አሳዩዋቸው። "እንግዲህ ያን ዕለት ከአፈሩ ጎን ሲቀመጥ ያየሽው ብራና ይኸ ነው?"

አማቴ ብራናውን አዩ። ከዚያ ወንድማቸውን አዩ። አባ ሄማ መሬት መሬት ያዩ ነበር። የአማቴ እጅ አፅሙ ላይ እንደነበረ ነው።

"ሴትዮ፣ ጥያቄው ከብዶሽ ነው?" አሉ ገዥው።

"አይደለም ጌታዬ" አሉ አማቴ።

"አይደለም ማለት? ጥያቄው አልከበደኝም ነው ወይስ ብራናው አይደለም?"

"ብራናው አይደለም። ያ ተቃጥሏል።"

ገዥው ብራናውን ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። አማቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ብራናው ነው እንጂ ስጦታው ሐሰት አይደለም!" አሉ። "ቃሉ ያው ነው፤ እንደነበረው ነው የተጻፈው! ጌታዬ፣ አፈሩን የያዝኩት እኔ ነኝ እኮ!"

"እንግዲያስ ሽርጧ ይመስክር!" አለ ከዊግሃርድ ሰዎች አንዱ። ተሳቀ። ዊግሃርድ ግን አልሳቀም፤ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ነበር።

አባ ሄማ ከመነኮሳቱ መካከል ወጥተው ፊት ቆሙ። "እህቴ እውነቷን ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ነው ያደረግኩት" አሉ። አበምኔቱ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም።

ገዥው ብራናውን ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ሲናገሩ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። "ሴትዮዋን አምናታለሁ" አሉ። "ግን አንድ ምስክር ብቻዋን መሬት አታጸናም። ከሷ ጋር ሊምሉላት የሚችሉት መነኮሳቱ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ አሁን በፊቴ በሐሰት ምለዋል። በሐሰት የማለ ሰው መሐላው ከእንግዲህ አይቆጠርም። እጄን አሰራችሁት።" ሄዘልዲንን ለዊግሃርድ ፈረዱ። በዚያው ተነሥተው ሄዱ።

ከኮረብታው ስንወርድ አማቴን ያናገራቸው ሰው አልነበረም። ወንፊት ሠሪዋ ጎረቤታችን፣ ስንት ዓመት እሳት የተጫጫርናት፣ ከፊታቸው ቆማ "አዎ ብትዪ ምን ነበረበት? አንዲት አዎ!" አለቻቸው።

"እጄ አፅሙ ላይ ነበር" አሉ አማቴ።

"የኛም ልጆች እጅሽ ላይ ነበሩ" አለችና አልፋቸው ሄደች።

አባ ሄማን ገዳሙ በንስሐ ቀጣቸው። በምሥራቅ ባሕር ዳር፣ ረግረግ መሃል ወዳለ ትንሽ ገዳም ተላኩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ብዕር እንዳይነኩ ተገዘቱ። እህታቸውን ተሰናብተው እንዲሄዱ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። አበምኔቱ ከሸንጎው በኋላ ታመምኩ ብለው ከክፍላቸው ሳይወጡ ክረምቱን አሳለፉ፤ በፀደይ ሞቱ።

ዊግሃርድ አልገደለን፣ አልገረፈን። የራሱን ሰዎች አምጥቶ ወንዝ ዳር ያለውን ደህና መሬት ሰጣቸው። እኛን ወደ ላይ፣ ድንጋያማው ቁጥቋጦ ውስጥ አወጣን። ለሱ የሚታረስበት ቀን በዛ፤ ለራስ የሚታረስበት አነሰ። አዲሱ ጎጆ ግድግዳው ሳይደርቅ ብርድ ገባ። እኔም ያን ሰሞን ነው የተገላገልኩት። ሴት ነበረች። ሳል ያዛትና ገናን ሳታይ ሄደች።

ቱዳ ልጃችንን ቀብሮ ሲመለስ እናቱን ቀና ብሎ አላያቸውም። "አሁን ደስ አለሽ? ነፍስሽን አዳንሻት?" አላቸው። ለእናቱ እንዲያ ብሎ አያውቅም ነበር።  አማቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኛ ጋር ከገበታ አይቀርቡም ነበር፤ ከበላን በኋላ የተረፈውን ማዕዘን ይዘው ይበላሉ። ኑ ስላቸው "ግድ የለም ልጄ፣ አልራበኝም" ይሉኛል።

በፀደይ፣ በጎቹ ከወለዱ በኋላ፣ ወንድሜን አይቼ ካልመጣሁ አሉ።  እኔ አብሬ ሄድኩ። ለአሮጊት እግር ሩቅ መንገድ ነው፤ ረግረጉ ላይ በተነጠፈ እንጨት ላይ ነው የሚኬደው፤ ግራና ቀኙ ውኃና ሸምበቆ ነው። አባ ሄማን የገዳሙ አሳማ በረት አገኘናቸው፤ ሲመግቡ። ዓይናቸው ደክሟል። ጣታቸው ላይ ቀለም አልነበረም፤ እሱን ሳይ ነው ያባባኝ።

"ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ አማቴ።

አባ ሄማ የአሳማውን ገንዳ አስቀመጡ። "በእግርሽ?"

"ታዲያ በክንፌ?"

አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ።  አሳማዎቹ ያንኮራፋሉ፣ ንፋሱ ሸምበቆውን ያንሿሿል። በመጨረሻ አማቴ "ይቅርታ ልጠይቅህ አልመጣሁም" አሉ። "አልዋሸሁም።"

"አውቃለሁ።"

"አልዋሸሁም ሄማ። ታዲያ ለምንድነው እንዲህ የሚለበልበኝ?"

"እኔ ነኝ እዚያ ያቆምኩሽ። አይጠይቁሽም ያልኩሽ እኔ ነኝ።" ቀጥለውም "ያ ብራና ውስጥ እኮ አንድ ቃል ሐሰት የለም" አሉ። "ዕድሜው ብቻ ነው ሐሰቱ። ዛሬ ተጻፈ ብለን ብናቀርበው ኖሮ..."

"ያምኑን ነበር?"

"እንጃ። ሊስቁብንም ይችሉ ነበር። ሊያምኑንም ይችሉ ነበር። ማታ ማታ የማስበው እሱን ነው፤ መልስ አላገኘሁለትም።"

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁ። "ለልጁስ ይጸለያል? ለኦስሪክ?"

አማቴ እውነቱን ነገሯቸው። ሄዘልዲን ሲሄድ ሻማውም ቀርቷል፤ ኦልድሚር አሁን ከራሱ ተርፎ ለሌላ የሚያበራው ሰም የለውም። መቃብሩ ላይ ወንበር ተደርድሮበታል። አባ ሄማ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። በሸንጎው ቀን ያላለቀሱትን አሁን አለቀሱ። አማቴ እንደ ሕፃንነታቸው ጀርባቸውን እየመቱ "በቃ፣ በቃ፣ በቃ የኔ ልጅ" ይሏቸው ነበር። ሽማግሌውን መነኩሴ "የኔ ልጅ" ሲሏቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስንለያይ አባ ሄማ እጄን ይዘው "የልጅሽን ሞት ሰምቻለሁ። በጸሎቴ በስሟ እጠራታለሁ፤ ምን ትባላለች?" አሉኝ። ገና ስም ሳናወጣላት እንደሞተች ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሚቀጥለው ዓመት በዐቢይ ጾም ዓሣ ሻጭ መጥቶ አባ ሄማ ማረፋቸውን ነገረን። የቀበሯቸው እዚያው ረግረጉ ውስጥ ነው። አማቴ አልጮኹም። ሰውም ለልቅሶ አልመጣም። ቱዳ ብቻ፣ ያን ዕለት ከእርሻ ሲመለስ፣ የእናቱን ሣህን ከማዕዘኑ አንሥቶ ገበታው ላይ አኖረው።  እሳቸውም መጥተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አብረን በላን።

አማቴ ከወንድማቸው በኋላ ሦስት ክረምት ያህል ኖሩ። ሲሞቱ በጎቹ የሚወልዱበት ወቅት ነበር፤ ሰው ሥራ ይዞኛል ለማለት የሚመች ጊዜ። የመጡት ጥቂት ናቸው። ወንፊት ሠሪዋ መጣች፤ ከሩቅ ቆማ አልቅሳ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ኦልድሚር አዲስ አበምኔት መጡ፤ ወጣት፣ የተማሩ፣ ነገር የሚከታተሉ። አንድ ቀን ጸሐፊያቸውን አስከትለው በበቅሎ ቤታችን ድረስ መጡ። ጉዳዩን በንጉሡ ፊት እንደገና ሊያነሡት አስበዋል፤ አሁን እንደ ሕጉ፣ የዛሬን ቀን የዛሬ ብለው፣ የምስክር ቃል ሊያጽፉ ነው። ጠላ ቀዳሁላቸው፤ አረፍ አሉና ጠየቁኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አፈሩን፣ ንጉሡን፣ ጭቃውን። በጥሞና ሰሙኝ።

"ይህን ያየሽው አንቺ ነሽ?" አሉ።

"አይ አባቴ። አማቴ ነግረውኝ ነው።"

"እሳቸውስ?"

"ሞተዋል።"

"ሌላስ ያየ አለ?"

"የለም።"

ጸሐፊያቸው ብዕሩን ጠርጎ መለሰ። አበምኔቱ ጠላቸውን ጨርሰው፣ አመስግነውኝ፣ ባርከውኝ፣ በቅሎዋ ላይ ወጡ። ቱዳ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

"ምን አሉ?" አለኝ።

"ያየ ሰው ነው የሚፈልጉት" አልኩት።

ቀንበሩን ከግድግዳው አንሥቶ ወጣ። ቀኑ ለዊግሃርድ የሚታረስበት ቀን ነበር።